የድህረ ምረቃ ተማሪዎችን ኮርስ በራሳቸው እንዲያስተምሩ ማዘጋጀት፦ ለዲፓርትመንት ኃላፊዎችና ለመካሪ መምህራን

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ወጣት መምህር የመጀመሪያ ኮርሱን የሚረከብበት መንገድ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የኮርስ ድልድሉ ይለጠፋል፤ ስሙን ከአንድ ኮርስ ጎን ያገኘዋል፤ ኮርሱን ቀደም ሲል ያስተማረ ባልደረባ ስላይዶቹን፣ የኮርስ አውትላይኑንና ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች በፍላሽ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በተማሪ የተሞላ ክፍል ፊት ብቻውን ይቆማል። ትምህርቱን ያውቀዋል፤ ለቦታው የተመረጠውም ስለሚያውቀው ነው። የማያውቀውና ማንም ያላሳየው ከኮርሱ ጋር አብረው የሚመጡትን ውሳኔዎች ነው፦ ጊዜው ሲያጥር ከምዕራፎቹ የትኛው ይቅር፣ ክፍሉ ግራ ሲጋባ ወደ ኋላ ልመለስ ወይስ ልቀጥል፣ ግማሹ ትክክል የሆነ መልስ ስንት ይገባዋል፣ ዝቅተኛ ግሬድ ያገኘ ተማሪ ቢሮ መጥቶ ሲያለቅስ ምን ልበለው።

ይህ መመሪያ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ወይም ገና የተቀጠሩ ግራጁዌት አሲስታንቶችን ወደ ክፍል ለሚልኩ የዲፓርትመንት ኃላፊዎችና አጠገባቸው ሆነው ለሚመክሯቸው ነባር መምህራን የተዘጋጀ ነው። የተመሠረተበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ሥራ ማከፋፈልና ውሳኔ ማስተላለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ የድህረ ምረቃ ተማሪ ለዓመታት ፈተና ሲያርም፣ ላብራቶሪ ሲያሠራና ቱቶሪያል ሲሰጥ ሊቆይ ይችላል፤ ውሳኔው ሁልጊዜ የዋናው መምህር ከነበረ ግን ኮርስ ብቻውን በተረከበበት ዕለት አሁንም ጀማሪ ነው። ስለዚህ ማዘጋጀት ማለት እነዚያን ውሳኔዎች አንድ በአንድ፣ ስህተት ቢፈጠር ኃላፊነቱን የሚጋራ ሰው አጠገቡ እያለ፣ ማስረከብ ነው።

የመምህራንን የማስተማር ብቃት ለማሳደግ በአገራችን ምንም አልተሠራም ማለት አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚሰጠው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ በተለምዶ ኤችዲፒ የምንለው፣ ብዙ መምህራንን ከአሳታፊ የማስተማር ዘዴና ከተከታታይ ምዘና ጋር አስተዋውቋል። ነገር ግን ይህ ሥልጠና ለብዙዎች የሚደርሳቸው ማስተማር ከጀመሩ በኋላ ነው፤ ከተለያዩ ኮሌጆች የመጡ መምህራንን በአንድነት የሚያሠለጥን በመሆኑም በስታቲስቲክስ ወይም በታሪክ ወይም በአናቶሚ ትምህርት ውስጥ ተማሪ የት ላይ እንደሚሰናከል ሊያሳይ አይችልም። ይህን ሊያሳይ የሚችለው ዲፓርትመንቱ ብቻ ነው።

ማንን እንደምናዘጋጅ መለየት

የመጀመሪያው ሥራ ዕጩዎቹን ሁሉ በአንድ ዓይን አለማየት ነው። በእኛ ሁኔታ ብዙዎቹ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት የመጡ፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት ያስተማሩ ሌክቸረሮች ናቸው። እነዚህን ስለ ሰሌዳ አጠቃቀምና ስለ ድምፅ አወጣጥ ማስተማር ጊዜን ማባከን ብቻ ሳይሆን ክብራቸውንም መንካት ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ለዓመታት የለመዱትን አሠራር እንደገና እንዲመረምሩ የሚያስችል የሥራ ባልደረባ ነው። በሌላ በኩል በከፍተኛ ውጤት ተመርቀው ወዲያው የተቀጠሩ ወይም በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ የገቡ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ከሚያስተምሯቸው ተማሪዎች በሁለትና በሦስት ዓመት ብቻ የሚበልጡ፣ አንዳንዴም ከቀድሞ የዶርም ጓደኞቻቸው ታናናሾች ፊት የሚቆሙ ናቸው። የእነርሱ ዝግጅት ረዘም ያለና ቅርብ ክትትል ያለው መሆን አለበት።

ከዕጩው ጋር በሚደረገው የመጀመሪያ ውይይት ከዚህ በፊት ምን ምን ሥራ እንደሠራ ሳይሆን በዚያ ሥራ ውስጥ ምን ምን እንደወሰነ መጠየቅ ይበጃል። «ሦስት ሴሚስተር ላብ አሠርቻለሁ» ለሚል ዕጩ «የትኛውን ሙከራ ቀየርክ? የላብ ሪፖርት የነጥብ አሰጣጡን ያወጣው ማን ነበር?» ብሎ መከተል፣ ዝግጅቱ ከየት መጀመር እንዳለበት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያሳያል።

ጊዜውን መደልደል

ለጀማሪ ዕጩ ጤናማው አካሄድ ሁለት ሴሚስተር ከነባር መምህር ጋር፣ ሦስተኛው ብቻውን የሚል ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ዕጩው ኮርሱን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው እየተከታተለ አንድ ምዕራፍ ያስተምራል። በሁለተኛው የኮርሱን እኩሌታ ይይዛል፤ ከፈተናዎቹም አንዱን ሙሉ በሙሉ ራሱ ያወጣል። በሦስተኛው ስሙ በድልድሉ ላይ ብቻውን ይጻፋል፤ መካሪው ግን አይለየውም። ሁለተኛ ዲግሪ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ስለሆነና የመጨረሻው መንፈቅ በመመረቂያ ጽሑፍ ስለሚያዝ፣ ለእነዚህ ተማሪዎች ዝግጅቱ ከአንደኛው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ካልጀመረ ጊዜ አይበቃም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ክትትል ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መስማት ከሆነ ዋጋ የለውም። ዕጩው ትምህርቱን ስለሚያውቀው ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ይሰለቻል። ክትትሉን ፍሬያማ የሚያደርገው መካሪው ክፍል ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ሐሳቡን ጮክ ብሎ ሲናገር ነው። ከመግባቱ በፊት፦ «ዛሬ ይህን ማረጋገጫ አላሳይም፤ ባለፈው ኩዊዝ ግማሹ ክፍል ቀላሉን አልጀብራ ስላቃተው መጀመሪያ እርሱን አስተካክላለሁ።» ከወጣ በኋላ፦ «ያ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ጥያቄ ሲጠይቅ ምዕራፉን ያቋረጥኩት ጥያቄው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ከሌሎቹ ፊት ስላነበብኩ ነው።» ነባር መምህር እነዚህን ውሳኔዎች ሳያስብ ስለሚወስናቸው አብዛኛውን ጊዜ እንደወሰነም አያስታውስም፤ ስለዚህ ዕጩው እያንዳንዱን ክፍል ሲከታተል «እዚህ ጋ ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ የሚጠይቃቸውን ሁለት ቦታዎች መዝግቦ እንዲመጣ ግዴታ ማድረግ ያስፈልጋል። በዕድሜ ታላቅ የሆነን መምህር «ለምን?» ብሎ መጠየቅ በእኛ ባህል እንደ ድፍረት ሊቆጠር ይችላልና፣ ጥያቄው የሥራው አካል መሆኑን መካሪው ራሱ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገር አለበት።

የኮርስ አውትላይን፦ የሚቀረውን መምረጥ

የብዙዎቹ የቅድመ ምረቃ ኮርሶች ይዘት በአገር አቀፍ ደረጃ በተጣጣመ ሥርዓተ ትምህርት የተወሰነ በመሆኑ ጀማሪ መምህር የሚወስነው ነገር እንደሌለ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በወረቀት ላይ ያለው 16 ሳምንት በምዝገባ መጓተት፣ በበዓላትና በፈተና ሳምንታት ተሸርሽሮ በተግባር ከዚያ ያነሰ መሆኑ ነው። በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ያለው ኮርስ በስሌት 48 ክፍለ ጊዜ ይሆናል፤ ዕጩው ዕቅዱን በ40 ላይ እንዲሠራ ማድረግ ግን ብልህነት ነው። ይህን ያላደረገ መምህር የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች በአንድ ሳምንት ሜካፕ ክፍል ጠራርጎ ይጨርሳል፤ የሚጎዱትም ብዙውን ጊዜ ቀጣዩ ኮርስ የሚመሠረትባቸው ምዕራፎች ናቸው።

ዕጩው የኮርሱን ርዕሶች ሁሉ ጽፎ በሦስት እንዲከፍላቸው ይደረግ፦ ክፍል ውስጥ በጥልቀት መሠራት ያለባቸው፣ ባጭሩ ተብራርተው በአሳይንመንት የሚሸፈኑ፣ እና ተማሪው በጽሑፍ ተሰጥቶት ራሱ የሚያነባቸው። ክፍፍሉን ለመካሪው ሲያቀርብ ለእያንዳንዱ ምክንያት ይሰጣል። ጥሩ ምክንያት የሚባለው «ቀጣዩ ኮርስ ይህን ይፈልጋል» ወይም «ተማሪ ብቻውን ሲያነበው በተሳሳተ መንገድ የሚረዳው ይህን ነው» የሚል ነው። «እኔ የምወደው ይህ ስለሆነ» የሚል ምክንያት በቃል አይነገርም፤ ነገር ግን ድህረ ምረቃ ተማሪ የምርምሩን ርዕስ የሚመለከተውን ምዕራፍ ሦስት ሳምንት ሲያስተምር ማየት የተለመደ ስለሆነ መካሪው ነቅቶ ይጠብቀው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለባቸው፣ ኮርሱ በፈተናው ውስጥ ከተካተተ ዕጩው ከእርሱ የሚጠበቁትን ብቃቶች ማወቅ ይኖርበታል። ይህን ማወቅ ግን የኮርሱን ሰዓት ያለፉ ጥያቄዎችን በማሠራት መጨረስ ማለት አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ዲፓርትመንቱ አንድ አቋም ይዞ ለዕጩው ሊነግረው ይገባል፤ አለበለዚያ ከተማሪዎች በሚመጣው ግፊት ብቻውን ይንገላታል።

አንድ ክፍለ ጊዜን ማዘጋጀት

ጀማሪዎች ለአንድ ክፍለ ጊዜ ዝግጅታቸውን በስላይድ ብዛት ይለካሉ። ይህን ልማድ ለመስበር የሚጠቅመው ዕጩው ስላይድ ከመሥራቱ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲመልስ ማድረግ ነው፤ ተማሪው ሲገባ የማይችለውና ሲወጣ መቻል ያለበት አንድ ነገር ምንድን ነው?

በመግቢያ የስታቲስቲክስ ኮርስ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን፣ ማለትም ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየውን መለኪያ፣ የምታስተምር ዕጩ እናስብ። የተለመደው አካሄድ ትርጉሙን ማንበብ፣ ቀመሩን መጻፍ፣ አንድ ምሳሌ መሥራት ነው። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው ቀመሩን ያሰላል፤ ያገኘው ቁጥር ምን እንደሚነግረው ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። በአንጻሩ ዕጩዋ ሰሌዳው ላይ ሁለት የፈተና ውጤቶችን ብትጽፍ፣ የአንዱ ቡድን 58፣ 60፣ 62፣ የሌላው 30፣ 60፣ 90፣ ከዚያም «የሁለቱም አማካይ 60 ነው፤ ታዲያ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ናቸው ወይ? የትኛውን ቡድን ማስተማር ይከብዳል?» ብላ ሁለት ደቂቃ ብትሰጣቸው፣ ተማሪዎቹ ከጎናቸው ካለው ጋር ተወያይተው የመበታተንን ሐሳብ ራሳቸው ያነሡታል። ቀመሩ ከዚያ በኋላ ሲመጣ ላነሡት ጥያቄ መልስ ሆኖ ይመጣል፦ ለመጀመሪያው ቡድን 2፣ ለሁለተኛው 30። ቁጥሮቹ ስኩዌር ሩታቸው ሙሉ ቁጥር እንዲሆን መመረጣቸውም ሆን ተብሎ ነው፤ የተማሪው ትኩረት በካልኩሌተር ላይ እንዳይባክን ነው። መካሪው ይህን ዓይነቱን ዝርዝር ከዕጩዋ ጋር ተቀምጦ አንድ ጊዜ ቢሠራ፣ ስለ አሳታፊ ማስተማር ከሚሰጥ የግማሽ ቀን ገለጻ የበለጠ ይጠቅማታል።

ክፍለ ጊዜው ከተዘጋጀ በኋላ በባልደረቦች ፊት የ15 ደቂቃ ልምምድ ማድረግ ተገቢ ነው። ማይክሮ ቲቺንግ የሚባለው ይህ ዘዴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ጠቃሚ የሚያደርገው አጭርነቱና ወዲያው የሚደገም መሆኑ ነው፤ አስተያየት ከተሰጠ በኋላ ዕጩው ያንኑ ክፍል አስተካክሎ እንደገና ካላቀረበው ልምምዱ ግማሽ ነው። በስልክ መቅረጽ ይቻላል፤ ቀረጻውን ግን መጀመሪያ ዕጩው ብቻውን ይመልከተው። ራሱን ሲያይ ሰሌዳውን በሰውነቱ እንደሸፈነ ወይም «ገባችሁ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ እንዳለፈ ማንም ሳይነግረው ያገኘዋል።

ስለ «ገባችሁ?» አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ጥያቄ በእኛ ክፍሎች ውስጥ ምንም መረጃ አያመጣም። ተማሪ «አልገባኝም» ብሎ በጓደኞቹ ፊት ራሱን አያጋልጥም። ዕጩው በምትኩ የተማሪውን መረዳት የሚያሳይ ትንሽ ሥራ መስጠትን ይለማመድ፦ «ሦስተኛውን ቡድን 60፣ 60፣ 60 ብናደርገው ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ስንት ይሆናል? ሳታሰሉ ጻፉ።» በረድፎቹ መካከል እየተዘዋወረ ደብተሮችን ማየት ከሃምሳ ተማሪዎች ዝምታ የበለጠ ይነግረዋል።

የማስተማሪያ ቋንቋው ጉዳይም በዝግጅቱ ውስጥ በግልጽ መነሣት አለበት። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ተማሪዎች ግን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ረጅም ገለጻን ለመከታተል ይቸገራሉ፤ መምህሩም አንዳንዴ እንዲሁ ነው። ጀማሪ መምህር ሲጨንቀው ወደ አማርኛ ይሄዳል። በክፍሉ ውስጥ ግን አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛ ወይም ሲዳምኛ አፉን የፈታና አማርኛ የሚከብደው ተማሪ አለ፤ መምህሩ ቋንቋ በቀየረ ቁጥር ያ ተማሪ ከትምህርቱ ይወጣል። ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሚሆን አማርኛ የሚችለውም ቢሆን ለጊዜው የተመቸው እንጂ የተዘጋጀ አይደለም። ዕጩው አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮችን መጠቀም፣ ቁልፍ ቃላትን በሰሌዳው አንድ ጥግ ጽፎ እስከ መጨረሻው አለማጥፋት፣ ያንኑ ሐሳብ በሥዕል ወይም በምሳሌ መድገምን ይለማመድ። ተማሪዎች በጥንድ ሲወያዩ በፈለጉት ቋንቋ ይወያዩ፤ ለክፍሉ ሲመልሱ ግን በእንግሊዝኛ ይመልሱ።

ፈተና ማውጣትና ማረም

ከዝግጅቱ ሁሉ እጅግ የተረሳውና፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ደካማ ገለጻን ተማሪ ከመጽሐፍና ከጓደኛው ያካክሰዋል። ያለ አግባብ የተሰጠ ግሬድ ግን በተማሪው ማኅደር ላይ ይቀራል፤ የስኮላርሺፕ ዕድሉን፣ የሥራ ዕድሉን፣ አንዳንዴም በዩኒቨርሲቲው መቆየቱን ይወስናል።

ዕጩው ጥያቄ ከመጻፉ በፊት የፈተና ቢጋር እንዲያዘጋጅ ይደረግ። ይህ በአንድ ገጽ የሚሠራ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ በአንዱ ወገን ርዕሶቹ፣ በሌላው ደግሞ ተማሪው የሚጠየቀው ማስታወስን፣ መረዳትን፣ መተግበርን ወይም መተንተንን መሆኑ ይሰፍራል፤ በየመገናኛውም የነጥቡ መጠን ይጻፋል። ቢጋር ያልሠራ ጀማሪ ለማውጣት የሚቀሉትን ጥያቄዎች ያወጣል፤ ለማውጣት የሚቀሉት ደግሞ ትርጉምና ዝርዝር የሚጠይቁት ናቸው። ሰንጠረዡ ሲሞላ ከ40 ነጥብ 32ቱ በማስታወስ ረድፍ ላይ መውደቁን ዕጩው ራሱ ያየዋል። የቆዩ ፈተናዎችን በተመለከተ ደግሞ ተማሪዎች ሁሉንም እንደሚያገኟቸው ታሳቢ አድርጎ መሥራት ነው።

ከዚያ የጋራ እርማት ይከተላል። መካሪውና ዕጩዋ ያንኑ አሥር የመልስ ወረቀት ነጥቡን ወረቀቱ ላይ ሳይጽፉ ለየብቻ ያርማሉ፤ ከዚያ ያነጻጽራሉ። ከላይ ባነሣነው ኮርስ ውስጥ «30፣ 60፣ 90 ሳምፕል ናቸው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸውን ፈልጉ» የሚል የ5 ነጥብ ጥያቄ ቢኖር፣ አንድ ተማሪ ለ2 መካፈል ሲገባው ለ3 አካፍሎ 24.5 ያገኛል፤ ሌላው 900 ላይ ደርሶ ስኩዌር ሩት ሳያወጣ ያቆማል፤ ሦስተኛው ምንም ስሌት ሳያሳይ «30» ብቻ ይጽፋል። ዕጩዋ ለመጀመሪያው 2፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 5 ብትሰጥና መካሪው 4፣ 3 እና 1 ቢሰጥ፣ ሥልጠናው የሚጀምረው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ ሥራውን በሙሉ ያውቃል፤ የሳተው በሳምፕል (በናሙና) እና በፖፑሌሽን (ናሙናው በተወሰደበት መላው ስብስብ) መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ጥያቄው ያንን ልዩነት ለመፈተን ታስቦ ከነበረ 2 ትክክል ነው፤ ካልነበረ 4። ሁለተኛው ያገኘው ቫሪያንስን፣ ማለትም የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ስኩዌር፣ ነው፤ የረሳው የመጨረሻውን እርምጃ ይሁን ወይስ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም? ሦስተኛውን ሲያዩት ደግሞ የጥያቄው ድክመት ይወጣል፤ መልሱ 30 ሆኖ ከተሰጡት ቁጥሮች አንዱም 30 ስለሆነ፣ ተማሪው አስልቶ ይሁን ገምቶ ወይም ከጎኑ ኮርጆ ማወቅ አይቻልም። ለክፍል ውስጥ ማብራሪያ ጥሩ የነበሩት ቁጥሮች ለፈተና አልሆኑም። የፈተናው ትእዛዝ «ስሌታችሁን አሳዩ» ስለማይል ለሦስተኛው 1 መስጠትም አይቻልም። ከአሥር ወረቀት እርማት የነጥብ አሰጣጥ መመሪያ፣ የተሻለ ጥያቄና ለቀጣዩ ፈተና ግልጽ ትእዛዝ ይገኛል። የነጥብ አሰጣጥ መመሪያው ከእርማቱ በፊት ተጽፎ ለሁሉም ወረቀት በእኩል መሠራቱ ሊታለፍ የማይገባ ደንብ ነው፤ እርማቱም በወረቀት ሳይሆን በጥያቄ ይሂድ፣ ማለትም የሁሉም ተማሪ አንደኛ ጥያቄ ታርሞ ወደ ሁለተኛው ይታለፍ።

ተከታታይ ምዘና የሚለው አሠራርም ዕጩው እንዲያስብበት ያስፈልጋል። በብዙ ክፍሎች ውስጥ ተከታታይ ምዘና ማለት ተከታታይ ፈተና ሆኗል፤ ኩዊዝ ይሰጣል፣ ነጥብ ይመዘገባል፣ ወረቀቱ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይመለሳል ወይም ጭራሽ አይመለስም። ኩዊዝ በሳምንት ውስጥ ታርሞ ካልተመለሰና መምህሩ በውጤቱ ምክንያት አንድ ነገር ካላስተካከለ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ዕጩው በአቅሙ አርሞ የሚመልሰውን ያህል ብቻ ያቅድ፤ በቡድን ሥራም የእያንዳንዱን ተማሪ ድርሻ በአጭር የቃል ጥያቄ ያጣራ፤ ስም ብቻ የሚዋጣበት የቡድን ሥራ በየክፍሉ አለና።

ቢሮ የሚመጡ ጉዳዮች

ግሬድ ከገባ በኋላ ባሉት ቀናት ጀማሪ መምህር ብዙ ጫና ይደርስበታል። ቅሬታ ይዞ የሚመጣ ተማሪ አለ፤ «ከዩኒቨርሲቲ ልባረር ነው» የሚል አለ፤ ባልደረባ ወይም ዘመድ «እስቲ እየው» ብሎ ይደውላል። መካሪው እነዚህን ሁኔታዎች ከዕጩው ጋር አስቀድሞ በቃል ይለማመዳቸው። ለተማሪው ወረቀቱን ከነጥብ አሰጣጥ መመሪያው ጋር ማሳየት፣ የመደመር ስህተት ካለ ወዲያው ማረም፣ ከዚያ ውጭ ያለውን በዲፓርትመንቱ የቅሬታ አቀራረብ ደንብ እንዲያቀርብ መምራት፤ ለደዋዩ ደግሞ «ጉዳዩ በዲፓርትመንቱ በኩል ይታያል» ብሎ በትሕትና መዝጋት። ዲፓርትመንቱ ከዕጩው ጀርባ እንደሚቆም ዕጩው በእርግጠኝነት ማወቅ አለበት። ኃላፊው ራሱ ግሬድ እንዲስተካከል በስልክ የሚጠይቅ ከሆነ የተቀረው ዝግጅት ሁሉ ዋጋ የለውም።

መምህሩ በተማሪዎቹ ላይ ስላለው ሥልጣንም ሳይሸፋፈን ይነገረው። በዕድሜ ለተማሪዎቹ ቅርብ የሆነ ወጣት መምህር ትናንት እንደ ጓደኛ የሚያያቸውን ዛሬ ግሬድ ይሰጣቸዋል። ከሚያስተምሯት ተማሪ ጋር የፍቅር ግንኙነት መጀመር፣ በምሽት መደወል፣ ከካምፓስ ውጭ ብቻዋን እንድትመጣ መጠየቅ የተከለከለ መሆኑን፣ ፆታዊ ትንኮሳ ከሥራ እንደሚያሰናብት፣ ተማሪ አቤቱታ የምታቀርብበት ክፍል የት እንደሆነ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት በጽሑፍ ይሰጠው። ተማሪን ቢሮ ሲያነጋግር በሩን ክፍት ማድረግ፣ መልእክትን በክፍል ተጠሪው ወይም በጋራ የቴሌግራም ግሩፕ ማስተላለፍ ተማሪዎችን ይጠብቃል፣ እርሱንም እንዲሁ። ለሴት ዕጩ መምህራን ደግሞ ሌላው ጎን አለ፤ ከኋላ ወንበር ሥልጣናቸውን የሚፈታተኑ ተማሪዎች ያጋጥሟቸዋል፤ መካሪው ይህን «ትለምጂዋለሽ» ብሎ ሳያልፍ አብሮ መፍትሔ ሊፈልግ ይገባል።

ኩረጃን በሚመለከት አጭር ነው፤ ዕጩው ፈተና ላይ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ዓይነት ቃለ ጉባኤ እንደሚጻፍና ወረቀቱን ለማን እንደሚያስረክብ ከፈተናው ቀን በፊት ይወቅ፤ በራሱ ሥልጣን ወረቀት አይቅደድ፣ ዜሮም አይስጥ።

ምልከታና አስተያየት

ዕጩው ብቻውን በሚያስተምርበት ሴሚስተር መካሪው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ክፍል ገብቶ ይመልከት፤ አንዱ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ሌላው ከአጋማሽ ፈተና በኋላ። በድንገት መግባት ግምገማ ይመስላልና ቀኑ በስምምነት ይሁን፤ ከክፍሉ በፊት ዕጩው በተለይ ምን እንዲታይለት እንደሚፈልግ ይጠየቅ። መካሪው ማስታወሻ ሲይዝ ከመምህሩ ይልቅ ተማሪዎቹን ይከታተል፦ በስንተኛው ደቂቃ መጻፍ አቆሙ፣ ጥያቄ ከየትኛው ረድፍ መጣ፣ የመለሱት እነማን ናቸው፣ ሥራ ሲሰጣቸው ስንቶቹ ጀመሩ። «ጥሩ ነበር፣ ትንሽ ፍጥነት ቀንስ» የሚል አስተያየት ማንንም አይለውጥም፤ «ከ25ኛው ደቂቃ በኋላ ከኋላው ግማሽ ማንም አልጻፈም፤ በዚያ ሰዓት ምን እያደረግህ እንደነበር ታስታውሳለህ?» የሚለው ግን ዕጩው ምክንያቱን ራሱ እንዲፈልግ ያደርጋል። አስተያየቱ በዚያው ቀን፣ ከሌሎች ሰዎች ተለይቶ ይሰጥ፤ ለቀጣዩ ሳምንት የሚስተካከል አንድ ነገር ብቻ መርጠው ይለያዩ።

የተማሪዎች የመምህር ግምገማ የሚሞላው ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ስለሆነ ለዚያው ክፍል አይደርስም። ስለዚህ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ዕጩው ስም የማይጻፍበት ቁራጭ ወረቀት አድሎ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ እስካሁን ለመማር የረዳችሁ ምንድን ነው? ቢቀየር የሚረዳችሁስ? በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የሚቀይረውን፣ የማይቀይረውንና ምክንያቱን ለተማሪዎቹ ይንገራቸው። ይህን ሳያደርግ ወረቀቱን ሰብስቦ ዝም ካለ ባይጠይቅ ይሻል ነበር።

ጫናውና ዕውቅናው

የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪው ከዝግጅቱ ውጭ ከሆነ ነገሩ ሁሉ በመካከል ይቆማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርስ የሚያስተምር ሰው ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያጠፋው የዝግጅት ጊዜ ከነባር መምህር ብዙ እጥፍ ነው፤ በዚያ ሴሚስተር የምርምር ሥራው እንደሚዘገይ አማካሪው፣ መካሪውና ዕጩው ተቀምጠው በቅድሚያ ይስማሙ። ብቻውን በሚያስተምርበት የመጀመሪያ ሴሚስተር ከአንድ ኮርስ በላይ አይሰጠው፤ ሁለት ሴክሽን ካስፈለገም የአንዱ ኮርስ ሁለት ሴክሽኖች ይሁኑ እንጂ ሁለት የተለያዩ ኮርሶች አይሁኑ። መምህር የጎደለበትን ቦታ ሁሉ በድህረ ምረቃ ተማሪ መሙላት ፈታኝ መሆኑ ይገባኛል፤ በዚያ መንገድ የሚጎዱት ግን ለዝግጅቱ ምንም ድምፅ የሌላቸው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። የመካሪው ሥራም በሥራ ጫና ስሌት ውስጥ ካልተቆጠረ ከአንድ ሴሚስተር በላይ አይዘልቅም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዕጩው ለዲፓርትመንቱ ሦስት ነገሮችን ያስረክብ፦ በየሳምንቱ ምን እንደተሸፈነና ምን እንደቀረ የተመለከተበትን የኮርስ አውትላይን፣ የፋይናል ፈተናውን ከቢጋሩ፣ ከነጥብ አሰጣጥ መመሪያውና ከጥቂት የታረሙ ወረቀቶች ቅጂ ጋር፣ እንዲሁም ኮርሱን ዳግም ቢያስተምር የሚቀይረውን በምክንያት የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ። መካሪውና ኃላፊው እነዚህን አይተው፣ የዕጩውን ውሳኔዎች እንጂ የንግግር ችሎታውን ሳይመዝኑ፣ ለቀጣዩ ሴሚስተር ብቻውን ይመደብ ወይስ ከነባር መምህር ጋር አንድ ሴሚስተር ይጨምር የሚለውን ይወስኑ። ውሳኔው ተጨማሪ ሴሚስተር የሚል ከሆነ ዕጩው ድልድሉ ከመለጠፉ በፊት፣ በቃልና ከነምክንያቱ ይነገረው፤ ብቁ ሆኖ ከተገኘም ያስተማረው ኮርስ፣ የተማሪዎቹ ብዛትና በራሱ የወሰናቸው ጉዳዮች በዝርዝር የተጻፉበት ደብዳቤ ይሰጠው፤ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲቀጠር ወይም ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ውጭ ሲያመለክት «በማስተማር ሥራ አግዟል» ከሚል አንድ መስመር የበለጠ የሚረዳው እርሱ ነው።